ማውስን በትራክቦል ስለ መተካት፦ ለአንድ የገጽ አቀናባሪ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ «አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ማተሚያ ቤት በገጽ ቅንብርና በዲዛይን ሥራ ላይ እገኛለሁ። ቀኑን ሙሉ እጄ ከማውስ አይለይም። ከሰዓት በኋላ ከአንገቴ ሥር ጀምሮ ቀኝ ትከሻዬን ጭምድድ ያደርገኛል፤ አንዳንድ ሌሊት ደግሞ አውራ ጣቴ፣ ሌባ ጣቴና የመሃል ጣቴ ደንዝዘው ከእንቅልፌ ይቀሰቅሱኛል። ስልክ ላይ ብዙ ስጽፍም የአውራ ጣቴን ሥር ያመኛል። ጠረጴዛዬ ጠባብና ባለ መስታወት ነው፤ ኮምፒውተሩንም ከማታ ተረኛ ባልደረባዬ ጋር እንጋራዋለን። በቅርቡ ከውጭ የሚመጣ ዘመዴ በአውራ ጣት የሚሽከረከር ትራክቦል ሊያመጣልኝ ፈቃደኛ ነው። ማውሱን ትቼ ወደዚህ ብዞር ይሻለኛል? የኅትመት ቤት አቧራስ አያበላሸውም?»

ጥያቄዎ ሦስት የተለያዩ ሕመሞችን በአንድነት ያነሣ ስለሆነ መልሱ ለሦስቱም አንድ ሊሆን አይችልም። ለትከሻዎ ወደ ትራክቦል፣ ማለትም በቦታው ተቀምጦ በላዩ ባለች ኳስ ጠቋሚውን ወደሚያንቀሳቅስ መሣሪያ፣ መዞር ይጠቅምዎታል ብዬ አምናለሁ። ለሌሊቱ የጣት መደንዘዝ ግን ትራክቦል በራሱ መፍትሔ አይደለም፤ እንዲያውም አቀማመጡ ከተበላሸ ሊያባብሰው ይችላል። የአውራ ጣትዎን ሥር ሕመም በተመለከተ ደግሞ ዘመድዎ ሊያመጣ ያሰበው ዓይነት ለእርስዎ ከሁሉም ያነሰ የሚስማማ ስለሆነ፣ ከመግዛቱ በፊት ደውለው በጣቶች የሚሽከረከረውን እንዲያመጣልዎ ይንገሩት። ትራክቦል የሥራ ጫናን አያስቀርም፤ ጫናውን ከአንዱ የሰውነት ክፍል ወደ ሌላው ያዛውራል። ስለዚህ ለማንም ሰው «ትራክቦል ይሻላል» ወይም «አይሻልም» ከማለት በፊት የት ቦታ እንደሚያመው መጠየቅ ግዴታ ነው። እርስዎ ይህን በግልጽ ስለጻፉልኝ ምላሼን ከዚያው እጀምራለሁ።

ማውስ የሚሠራው ራሱ ተንሸራትቶ ነው። ጠቋሚው ከስክሪኑ አንድ ጥግ ወደ ሌላው እንዲሄድ እጅ መሣሪያውን ይዞ መጓዝ አለበት፤ ርቀቱ አጭር ሲሆን አንጓ፣ ረዘም ሲል ክንድ፣ ከዚያም ሲያልፍ ትከሻ ይንቀሳቀሳል። ትራክቦል ግን ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠበት ንቅንቅ አይልም። የምትዞረው በላዩ ያለችው ኳስ ብቻ ስትሆን፣ ከሥሯ የተገጠመው የብርሃን ሴንሰር አዟዟሯን እየተከታተለ ጠቋሚውን ያንቀሳቅሳል። ብዙ ሰው ይህን መሣሪያ የቅርብ ጊዜ ፈጠራ አድርጎ ቢያየውም በዕድሜ ከማውስ ይቀድማል። ለብሪታንያ ባሕር ኃይል ይሠራ የነበረው ራልፍ ቤንጃሚን እ.ኤ.አ. በ1946 በራዳር ስክሪን ላይ ዒላማ ለመከተል የሚያገለግል የመጀመሪያውን ዓይነት ነደፈ፤ የካናዳ ባሕር ኃይል ዳታር በተባለው ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ1952 የተጠቀመበት ትራክቦል ደግሞ ኳሱ የእውነተኛ ቦውሊንግ መጫወቻ ኳስ ነበር። ዳግላስ ኤንግልባርትና ቢል ኢንግሊሽ የመጀመሪያውን ማውስ የሠሩት ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ይህን ታሪክ የማነሣው ከእርስዎ ጠባብ ጠረጴዛ ጋር ስለሚገናኝ ነው፤ መሣሪያው ከመነሻው የተዘጋጀው እጁን ወዲያና ወዲህ የሚያንሸራትትበት ቦታ ሳይኖረው ከስክሪን ፊት ተቀምጦ ለሚውል ሰው ነበር።

የትከሻዎ ሕመም ከዚህ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት አለው። ከቸርችል ጎዳና እስከ አራት ኪሎ ባሉ የኅትመትና የጽሕፈት ቤቶች የገጽ አቀናባሪው ጠረጴዛ ብዙውን ጊዜ የደንበኛው መቀበያም ነው፤ በግራ በኩል የሚነበበው ረቂቅ ይቀመጣል፣ በመሃል ሙሉ የቁጥር ቁልፎች ያሉት ሰፊ ኪቦርድ አለ፣ ማውሱ ደግሞ ከዚያ በተረፈው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። ክንድዎ ከሰውነትዎ ርቆ ወደ ጎን እንደተዘረጋ ሰዓታት ያልፋሉ። ትከሻን የሚያደክመው የእንቅስቃሴው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ክንድን ሳያሳርፉ በአየር ላይ አንጠልጥሎ ለመያዝ የአንገትና የትከሻ ጡንቻዎች ቀኑን ሙሉ በትንሹ እንደተወጠሩ መቆየታቸው የበለጠ ያደክማል። ከሰዓት በኋላ የሚሰማዎ ጭምድድታ የዚህ ውጤት ይመስለኛል።

ሁለቱን መሣሪያዎች በተመሳሳይ ሥራ ላይ ጎን ለጎን አድርገው የለኩ ተመራማሪዎች፣ ሰዎች በትራክቦል ሲሠሩ ትከሻቸው ያነሰ ከፍ እንደሚል፣ የአንገትና የትከሻ ጡንቻዎቻቸውም ያነሰ እንደሚሠሩ፣ ነገር ግን አንጓቸው ወደ ኋላ ይበልጥ እንደሚታጠፍ ተመልክተዋል። የሽያጭ ማስታወቂያዎች የመጀመሪያውን ግማሽ አጉልተው ሁለተኛውን ዝም ብለው ያልፉታል። ለእርስዎ ግን የመጀመሪያው የምሥራች፣ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ምክንያቱም ሌሊት የሚደነዝዙት ሦስት ጣቶች የሚያመለክቱት በትክክል ወደ አንጓው ነው።

ይህን ክፍል በጥንቃቄ እንዲያነቡልኝ እጠይቃለሁ። በአንጓችን የመዳፍ በኩል ከአጥንቶችና ከአንድ ጠንካራ ማሰሪያ የተሠራ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ የሕክምና ባለሙያዎች ካርፓል ታነል ይሉታል። በውስጡ ጣቶችን የሚያጥፉ ዘጠኝ ጅማቶችና አንድ ነርቭ ያልፋሉ። ይህ ነርቭ ለአውራ ጣት፣ ለሌባ ጣት፣ ለመሃል ጣትና ለቀለበት ጣት ግማሽ ስሜት የሚሰጥ ነው። አንጓ ቀጥ ሲል በመተላለፊያው ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ አንጓ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ሲታጠፍ ግን ግፊቱ ይጨምራል፣ ነርቩም ይጨፈለቃል። ብዙ ሰው ሲተኛ ሳያውቀው አንጓውን አጥፎ ስለሚያድር የመደንዘዙ ምልክት ሌሊት ይጎላል። እጅዎን ሲያራግፉት የሚሻልዎ ከሆነም ይህ የተለመደ ምልክቱ ነው።

ትራክቦል እዚህ ላይ ሊጎዳ የሚችለው በቁመቱ ነው። ትልቅ ኳስ ያለው መሣሪያ ከጠረጴዛው ከፍ ይላል፤ መዳፍዎን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ጣቶችዎን ወደ ኳሱ ሽቅብ ከዘረጉ አንጓዎ ወደ ኋላ እንደታጠፈ ይውላል። ይህን ለማስቀረት መዳፍ የሚያርፍበት ድጋፍ ከመሣሪያው ፊት ያስቀምጡ። አንዳንድ ሞዴሎች የራሳቸው ተነቃይ ድጋፍ አብሯቸው ይመጣል፤ ከሌለውም በተመሳሳይ ከፍታ የታጠፈ ጠንከር ያለ ጨርቅ ያገለግላል። ድጋፉ የሚነካው ከመዳፍዎ ሥር ያለውን ሥጋማ ክፍል ይሁን እንጂ የአንጓውን መሃል አይሁን፤ ነርቩ የሚያልፈው በዚያ ስለሆነ ከሥር መጫን ከላይ ከመታጠፍ አይሻልም። የመስታወቱም ጠርዝ እንዲሁ አንጓዎን ወይም ክርንዎን መጫን የለበትም። በተለይ ክርን በጠርዝ ላይ ተደግፎ ሲውል ሌላ ነርቭ ይጎዳና ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት መደንዘዝ ይጀምራሉ።

መደንዘዙን በተመለከተ ግን የመሣሪያ ለውጥ ሐኪም ከማየት ሊያዘገይዎ አይገባም። የስኳር ሕመም፣ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ እርግዝና፣ የመገጣጠሚያ ብግነት ሁሉ ይህን ነርቭ ሊያስጨንቁት ስለሚችሉ ምክንያቱን ማውሱ ላይ ብቻ መለጠፍ ትክክል አይሆንም። ሐኪሙ እንደ ሁኔታው የነርቭ መልእክት ፍጥነትን የሚለካ ምርመራ ያዝልዎ ይሆናል፤ ገና በጅምሩ ከሆነ ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማሰሪያ አድርጎ መተኛት ብዙ ሰዎችን ይረዳል። ነገሩን ወጌሻ ዘንድ ሄደው በማሳሸት ለማስወገድ እንዳያስቡ አደራ እላለሁ። ወጌሻ በወለምታና በመሰል ጉዳቶች የሚታመንበት ቦታ ቢኖረውም፣ የተጨነቀ ነርቭን በኃይል ማሸት ወይም አንጓን መጎተት ጉዳቱን ሊጨምር ይችላል። ከአውራ ጣትዎ ሥር ያለው የመዳፍ ሥጋ እየሟሸሸ ከመጣ፣ ሲኒ ወይም ቁልፍ ከእጅዎ ማምለጥ ከጀመረ፣ ወይም መደንዘዙ ቀንም የማይለቅ ከሆነ ቀጠሮውን ለነገ አያሳድሩት።

አሁን ወደ አውራ ጣቱ እንለፍ። በአውራ ጣት የሚሽከረከረው ትራክቦል በገበያው በጣም የተለመደውና ለጀማሪም በፍጥነት የሚለመደው ነው፤ ቅርጹ ማውስ ስለሚመስል ክሊክ የሚደረገው እንደ ወትሮው በሌባና በመሃል ጣት ነው። ትከሻው ብቻ ለሚያመውና አውራ ጣቱ ጤናማ ለሆነ ሰው ጥሩ ምርጫ ነው እላለሁ። ችግሩ ቀድሞ ለትከሻ፣ ለክንድና ለአንጓ ተከፋፍሎ የነበረው ጉዞ በሙሉ በአንድ ጣት ላይ መውደቁ ነው። አውራ ጣትን ወደ ውጭ የሚከፍቱትና የሚያቃኑት ሁለት ጅማቶች በአንጓው ጎን ባለ ጠባብ ሽፋን ውስጥ ያልፋሉ፤ በተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ይህ ሽፋን ይወፍርና ጅማቶቹን ያንቃል። ይህን ሕመም የስዊዘርላንዱ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፍሪትዝ ዴ ኬርቫን እ.ኤ.አ. በ1895 ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። እርስዎ ስልክ ሲጽፉ የሚሰማዎ ሕመም ይህ መሆኑን በጽሑፍ ብቻ መወሰን ባይቻልም፣ አንድ ቀላል ነገር ሞክሩ ልበልዎ፦ አውራ ጣትዎን መዳፍዎ ውስጥ አስገብተው በአራቱ ጣቶች ይጨብጡት፤ ከዚያም ጡጫዎን ቀስ አድርገው ወደ ትንሿ ጣት አቅጣጫ ያዘንብሉት። ጤነኛ እጅም ጥቂት ስለሚሰማው የግራ እጅዎን በተመሳሳይ መንገድ ሞክረው ያወዳድሩ። ቀኙ ከግራው በግልጽ ከበለጠ በአውራ ጣት የሚሽከረከር መሣሪያ ለእርስዎ አይሆንም። ባይበልጥ እንኳ ቀን በኳስ ማታ በስልክ ያንኑ ጣት ማሠራት አልመክርም።

የሚቀረው በሌባ፣ በመሃልና በቀለበት ጣት የሚሽከረከረው ነው። ይህ ዓይነት ኳሱ በመሃል ላይ ስለሚቀመጥና ቅርጹ በሁለቱም በኩል እኩል ስለሆነ በአብዛኛው በግራ እጅም መጠቀም ይቻላል፤ ለቀኝ እጅ ብቻ የተቀረጹም ስላሉ ሲገዙ ይህን ያጣሩ። የኳሱ መጠን ቀላል ነገር አይደለም። የኬንሲንግተን ድርጅት ኤክስፐርት ማውስ (ስሙ ማውስ ቢልም ትራክቦል ነው) ኳሱ 55 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ የዚሁ ድርጅት ኦርቢት 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሎጂቴክ የአውራ ጣት ሞዴሎች ደግሞ 34 ሚሊ ሜትር ኳስ ይይዛሉ። ትልቅ ኳስ ሲገፉት በራሱ ክብደት ጥቂት መዞሩን ስለሚቀጥል ጠቋሚው ሰፊ ስክሪን በአንድ ግፊት ያቋርጣል፣ ለረቂቅ ሥራም የተሻለ ቁጥጥር ይሰጣል። ትንሹ በበኩሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለአንጓ የተሻለ ነው። የእርስዎ አንጓ አስቀድሞ ምልክት ስላሳየ መካከለኛውን እመርጥልዎ ነበር፤ ትልቁን ከወሰዱ የመዳፍ ድጋፉን አይተዉት።

አንድ ነገር ግን ሻጮች አይነግሩዎትም። በእነዚህ የመሃል ኳስ ሞዴሎች ብዙዎቹ ዋናው የግራ ክሊክ የሚያርፈው በአውራ ጣት ሥር ነው፤ ጣቶቹ ኳሱ ላይ ስለሆኑ ለክሊክ የቀረው አውራ ጣት ነው። አንድ ቁልፍ መጫን ኳስ ከማሽከርከር የቀለለ ቢሆንም በቀን ውስጥ የሚደጋገም ስለሆነ ለእርስዎ መታሰብ አለበት። አራት ቁልፎች ካሉት ከመሣሪያው ጋር በሚመጣው ሶፍትዌር ዋናውን ክሊክ ከአውራ ጣት ወደ ሌላ ቁልፍ ማዛወር ይቻላል። ሁለት ቁልፍ ብቻ ላለው ደግሞ መሣሪያውን በጥቂቱ አዙሮ በማስቀመጥ ሌባ ጣት የግራውን ቁልፍ እንዲያገኝ፣ የመሃልና የቀለበት ጣት ኳሱን እንዲይዙ ማድረግ ይቻላል። መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፣ ነገር ግን ይለመዳል።

ስለ ሥራዎ ፍጥነት ሳልነግርዎ ባልፍ ምክሬ ጎደሎ ይሆናል። ትራክቦል በንጹሕ የመጠቆም ፍጥነት ከማውስ ያንሳል። ስኮት ማኬንዚና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባቀረቡት ጥናት ፍጥነትንና ትክክለኛነትን አጣምሮ በሚለካ መስፈርት ማውስ በሴኮንድ 4.9 ቢት ሲያስመዘግብ ትራክቦል 3.0 ቢት አስመዝግቧል። ማኬንዚ ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1991 ባደረገው ንጽጽር ደግሞ ማውስ፣ የብዕር ታብሌት (በብዕር የሚሠራበት ሰሌዳ) እና ትራክቦል ተወዳድረው ትራክቦል ሦስተኛ ሲወጣ፣ ልዩነቱ ከሁሉ የሰፋው ነገርን ይዞ በመጎተት ላይ ነበር። ምክንያቱ እጅዎ ላይ ሲሞክሩት ግልጽ ይሆንልዎታል፤ በማውስ ቁልፉን ተጭኖ የያዘው ጣትና መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ክንድ የተለያዩ ናቸው፣ በትራክቦል ግን ቁልፉን የሚይዘውም ኳሱን የሚያዞረውም ያው አንድ መዳፍ ስለሆነ አንዱ ሲጠብቅ ሌላውም ይጠብቃል። የገጽ ቅንብር ደግሞ ሥራው በአብዛኛው መጎተት ነው፤ የጽሑፍ ሣጥን ማንቀሳቀስ፣ ፎቶግራፍ መከርከም፣ መስመር ማስረዘም ሁሉ በዚሁ ይሠራል።

ይህ ማለት ግን በትራክቦል ገጽ ማቀናበር አይቻልም ማለት አይደለም፤ የመጎተትን መጠን መቀነስ ያስፈልጋል ማለት ነው። በዊንዶውስ የማውስ ቅንብሮች ውስጥ ክሊክ ሎክ የሚባል ምርጫ አለ፤ ሲከፍቱት ቁልፉን ለአጭር ጊዜ ተጭነው ከለቀቁት ኮምፒውተሩ እንደተያዘ ይቆጥረዋል፣ ስለዚህ ሣጥኑን በነጻ ጣቶች አዙረው በፈለጉት ቦታ ላይ እንደገና ክሊክ አድርገው ይለቁታል። ይህ አንድ ምርጫ ብቻ ትራክቦልን ለዲዛይነር የሚያስችል ያደርገዋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከዚህ በተጨማሪ በኢንዲዛይንና በኢሉስትሬተር የዲዛይን ፕሮግራሞች የተመረጠን ነገር በኪቦርዱ ቀስቶች ማንቀሳቀስ ይቻላል፤ ሺፍት ሲጨመርበት እርምጃው አሥር እጥፍ ይሆናል። ትክክለኛ ቦታ ሲፈለግ ደግሞ የኤክስና የዋይ ቁጥሩን በሣጥኑ ውስጥ መጻፍ በማንኛውም መሣሪያ ከመጎተት ይልቅ ፈጣንም ትክክለኛም ነው። በአማርኛ ጽሑፍ ቅንብር ላይ አንድ ፊደል ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ ስለምንነካ እጃችን ከኪቦርዱ የማይለይበት ሰዓት ረጅም ነው፤ የአንቀጽና የርእስ ቅርጾችን በአቋራጭ ቁልፍ መጥራት ከለመዱ ወደ ጠቋሚው የሚያደርጉት ጉዞ ራሱ በእጅጉ ይቀንሳል። የፎቶግራፍ ምስልን ከዳራው ቆርጦ ማውጣት ዋና ሥራዎ ከሆነ ግን ትራክቦልን አልመክርም፤ ለዚያ የብዕር ታብሌት ይሻላል።

ፍጥነቱን ሲያስተካክሉ ጠቋሚው ከስክሪኑ ጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ወይም በሁለት ግፊት እንዲደርስ ያድርጉ። ኢንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን የሚለውን ምርጫ ብዙ የማውስ ተጠቃሚዎች ያጠፉታል፤ ለትራክቦል ግን እንዲከፍቱት እመክራለሁ፤ ኳሱ በፍጥነት ሲገፋ ጠቋሚው ሩቅ እንዲሄድ፣ በዝግታ ሲነካ ደግሞ በጥቂቱ ብቻ እንዲንቀሳቀስ ያደርጋል።

አቧራውን በተመለከተ ሥጋትዎ ግማሹ ትክክል ነው። ኳሷ የምታርፈው በሦስት ጥቃቅን ድጋፎች ላይ ሲሆን፣ እንደ ሞዴሉ ከብረት፣ ከሴራሚክ ወይም ከሰው ሠራሽ ሩቢ የተሠሩ ናቸው፤ ከኩሽኔታ ጋር የሚመጡም አሉ። የጣት ወዝና የወረቀት ብናኝ ተቀላቅለው በእነዚህ ድጋፎች ላይ ይጋገራሉ፣ ኳሷም ያዝ ያዝ ማለት ትጀምራለች። የወረቀት መቁረጫ ማሽን በአቅራቢያው ባለበት ክፍል ይህ ከሌላ ቢሮ ይልቅ ቶሎ ይደርሳል። ነገር ግን ማጽዳቱ የደቂቃ ሥራ ነው፦ ኳሷን ያውጡ፣ አንዳንዶቹ ሲገለበጡ ይወድቃሉ፣ አንዳንዶቹ ከሥር ባለ ቀዳዳ በእርሳስ ሲገፉ ይወጣሉ፤ ሦስቱን ድጋፎች በጥጥ ወይም በእንጨት ስንጥር ይጥረጉ፣ የሴንሰሩን መስኮት በደረቅ ጥጥ ይንኩ፣ ኳሷን በለስላሳ ጨርቅ ይወልውሉ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከሥራ መውጫ ላይ ቢያደርጉት ይበቃል። በማተሚያ ቤት ቲነር ወይም ቤንዚን ሁልጊዜ በእጅ ስለሚገኝ በዚያ ለማጽዳት እንዳይፈተኑ፤ የኳሷን ገጽና ፕላስቲኩን ያበላሻል። ዘይት ወይም ግሪስም አያስፈልገውም፣ ብናኝ ይሰበስባል። አዲስ ኳስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያዝ ያዝ የሚል ከሆነ አይደናገጡ፤ የጣት ተፈጥሯዊ ወዝ ሲደርሰው ይለሰልሳል።

መስታወቱ በአንጻሩ ከትራክቦል ጋር የተሻለ ይስማማል። ተራ የብርሃን ማውስ የሚንሸራተትበትን ገጽ ስለሚያነብ በጠራ መስታወት ላይ ይሳሳታል፣ ስለዚህም ፓድ ይፈልጋል፤ ትራክቦል የሚያነበው የራሱን ኳስ ስለሆነ ከሥሩ መስታወት ቢኖር፣ ወረቀት ቢኖር ግድ የለውም። ብቻ የጎማ እግሮቹ ንጹሕ ካልሆኑ በመስታወት ላይ ሊንሸራተት ስለሚችል አልፎ አልፎ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጓቸው። ቦታ ሲያስቀምጡት ከኪቦርዱ ጋር አስጠግተው ክርንዎ ከጎንዎ ሳይርቅ እጅዎ የሚደርስበት ቦታ ላይ ያድርጉት። ትከሻዎን የሚያሳርፈው ይህ ነው፤ ትራክቦሉን አሁን ማውሱ ባለበት ሩቅ ጠርዝ ላይ ካስቀመጡት ግን ገንዘብዎ በከንቱ ይወጣል። የቁጥር ቁልፎች የሌሉት አጭር ኪቦርድ ማግኘት ከቻሉ ቦታው በራሱ ይሰፋል። ጠረጴዛው ለቁመትዎ ከፍ ያለ ከሆነም ወንበሩን ከፍ አድርገው ከእግርዎ ሥር መርገጫ ያስገቡ፣ አለበለዚያ ትከሻዎ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ልምምዱን የሚጀምሩበት ወቅት ቀላል አይምሰልዎ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሥራው ይጎተታል፣ ብስጭትም አለው፤ በዚህ ላይ የሠርግ ጥሪ ወረቀት የሚበዛበት ጥር ወይም የምረቃ መጽሔቶች የሚጎርፉበት ሰኔ ከተጨመረ እጅዎ ተጣድፎ ኳሱን በኃይል መጨበጥ ይለምዳል፣ ያ ልማድ ደግሞ ለመልቀቅ አስቸጋሪ ነው። በዐቢይ ጾም የጥሪ ሥራው ሲቀዘቅዝ መጀመር ጥሩ ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ፋይል ለመክፈት፣ ለማንበብና ለማረም ብቻ ይጠቀሙበት፤ የቅንብሩን ሥራ ለጊዜው በማውስ ይሥሩት፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ያስፋፉት። ኳሱን በጣት ጫፍ ነክቶ መልቀቅ እንጂ መጨበጥ አይገባም፤ ጣቶችዎ ወይም የክንድዎ የላይኛው ጎን አዲስ ሕመም ካመጡ ፍጥነቱ ዝቅ ብሎ ይሆናልና ከፍ ያድርጉት፣ ካልተሻለም ያቁሙ።

ከባልደረባዎ ጋር ኮምፒውተሩን መጋራትዎ እንቅፋት አይሆንም። ትራክቦልና ማውስ በአንድ ጊዜ ተሰክተው ሊሠሩ ይችላሉ፤ ማታ የሚገባው ሰው የእርስዎን መሣሪያ ገፋ አድርጎ በራሱ ማውስ ይሠራል። የሚያጋጭዎ ዊንዶውስ የጠቋሚ ፍጥነትንና የግራና የቀኝ ቁልፍ ቅያሬን ለተሰኩት መሣሪያዎች ሁሉ በአንድ ላይ መቁጠሩ ነው፤ እርስዎ ለኳሱ ብለው ያሳደጉት ፍጥነት በባልደረባዎ ማውስ ላይም ይታያል። ለዚህ ቀላሉ መፍትሔ ለእያንዳንዳችሁ የተለየ የዊንዶውስ መግቢያ ስም መክፈት ነው፤ አለበለዚያ ፍጥነቱ በራሱ ላይ ባለ ቁልፍ የሚቀየር ትራክቦል እንዲያመጣልዎ ለዘመድዎ ይንገሩት። ሁለቱም መሣሪያዎች ተሰክተው መቆየታቸው ለእርስዎም ጥቅም አለው፤ ማውሱን በኪቦርዱ ግራ በኩል ካስቀመጡት ረቂቅ በሚያነቡበትና ገጽ በሚያገላብጡበት ሰዓት በግራ እጅዎ መሥራት፣ ቀኙን ማሳረፍ ይችላሉ። ቁልፎቹን ግን አይቀይሯቸው፤ ቅያሬው ትራክቦሉንም ስለሚለውጠው በግራ እጅ ሲይዙ ዋናውን ክሊክ በመሃል ጣትዎ ይጫኑ።